ቤተሰብ ወክ ሲወጣ

ልጆቹን ይዞ የባሕር ዳርቻ ላይ መንሸራሸር ያማረው የቦሌ ሰው መጀመሪያ ባቡር መሳፈር ይኖርበታል። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የተዘረጋው ሐዲድ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባቡሩ የሚነሳው ደግሞ ከለቡ በኩል ስለሆነ፣ ለገርጂና ለሰሚት ሰው ባቡር ጣቢያው መድረስ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ስለዚህ የምሥራቅ አዲስ አበባ ቤተሰብ ባሕሩን ባሕር ላላቸው ትቶ፣ እሑድ ከምሳ በኋላ በእጁ ወዳለው ይወጣል። በእጁ ያለውም ቀላል አይደለም፦ የቦሌ ጎዳና አለ፣ የሲኤምሲ መስመር አለ፣ የየካ ተራራ አለ፣ ኪስ የፈቀደ ዕለት ደግሞ የቢሾፍቱ ሐይቆች አሉ።

ችግሩ መውጣቱ ላይ ነው።

ለአብነት አንድ የገርጂ ቤተሰብ እንውሰድ። አባት፣ እናት፣ ሦስት ልጆች፣ እንዲሁም ለበዓል ከደብረ ብርሃን መጥተው «ነገ እሄዳለሁ» እያሉ ወር ያለፋቸው አያት። «ኧረ ወጣ እንበል፣ ቤት ውስጥ ታፈንን እኮ!» የምትለው አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት። ሐሳቡ ያለ ተቃውሞ ይጸድቃል፤ ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። አባት የሚያየው ኳስ ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል፤ ሃያ ደቂቃው ከባከነ ሰዓት ጋር ሠላሳ ይሆናል። ትንሹ ልጅ አንድ እግር ጫማው ጠፍቶ፣ ከአልጋ ሥር ተፈልጎ የወጣው የወንድሙ ይሆናል። ትልቋ ልጅ በዚህ ልብስ ቦሌ አልሄድም ብላ ክፍሏን ዘግታለች። ቡናው ደግሞ ገና ቶና ላይ ነው፤ አያት «በረካ ሳይጠጣ ማን ከቤት ይወጣል?» ብለው ክርክሩን ይዘጉታል። ጠዋት «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቤት እጠብቃለሁ» ያሉት እሳቸው ናቸው፤ በመጨረሻ ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆመው «ምነው ዘገያችሁ?» የሚሉትም እሳቸው ናቸው። ለስምንት ሰዓት የታሰበው ወክ እንዲህ ሲል አሥር ሰዓት ላይ ይነሳል።

መዘግየቱ ጥቅም አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በቀትር ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ደግሞ ቅዝቃዜዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ልጅ ያላት እናት ይህን ስለምታውቅ ቦርሳዋ ውስጥ የሁሉም ጃኬት፣ ሁለት ውሃ፣ ዳቦ፣ ሶፍትና ቅያሪ ሱሪ አለ። አባት ቦርሳውን ሲቀበላት «አገር ለቀን ነው እንዴ የምንሄደው?» ይላል። ማታ ጃኬቱን መጀመሪያ የሚጠይቀውም እሱ ነው።

ለቤተሰብ ወክ የቦሌን ጎዳና የሚያህል የለም። ስሙ በወጉ አፍሪካ ጎዳና ነው፤ ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ በፍላሚንጎ፣ በኦሎምፒያና በወሎ ሰፈር አድርጎ እስከ አየር ማረፊያው አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። በ2016 ዓ.ም የተጀመረው የኮሪደር ልማት ይህንን መንገድና ከቦሌ ወደ መገናኛ የሚወስደውን መስመር መልኩን ለውጦታል። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፤ የብስክሌት መስመር፣ አበባ፣ አግዳሚ ወንበር፣ መብራትና የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ተጨምሮበታል። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው የቱ ነው ተብለው ቢጠየቁ፣ ለፎቶ የሚወጡት ወጣቶች መብራቱን ይመርጣሉ። ሦስት ልጅ ይዞ የወጣ አባት ግን ሳያቅማማ መጸዳጃ ቤቱን ይመርጣል። «አባዬ፣ ሽንቴ መጣ» የሚባለው መቼም መጸዳጃው በር ላይ ተደርሶ አይደለም፤ ታልፎ፣ ሌላው ገና ሳይታይ፣ ልክ መሐል ላይ ነው።

ለውጡ የሁሉንም ልብ በእኩል አላሞቀም። አጥሩ ወደ ውስጥ የገባበት፣ ሱቁ የፈረሰበት፣ ከነጎረቤቱ ከሠፈሩ የተነሳ ሰው ይህንን ንጣፍ ሲረግጥ የሚያስበው ሌላ ነው። ጠርዙ ላይ ተቀምጣ ቆሎና ለውዝ ትሸጥ የነበረችውም አሁን ቋሚ ቦታ የላትም። ትሪዋን ይዛ ትመጣለች፣ ሁለት ኩባያ ትሰፍራለች፣ የደንብ አስከባሪው ልብስ ከሩቅ ሲታያት ትሪውን በነጠላዋ ሸፍና እንደማንኛውም ሰው ወክ ላይ ትሆናለች። እሱ ሲያልፍ ትመለሳለች። ልጆቹ ይህንን ድብብቆሽ ከየትኛውም ፏፏቴ አስበልጠው ያዩታል።

ብስክሌት መስመሩም የራሱ ወግ አለው። መስመሩ በቀለም ተለይቷል፣ የብስክሌት ሥዕልም ተሥሎበታል። የአዲስ አበባ ቤተሰብ ግን ጎን ለጎን ተሰልፎ ካልሄደ ወሬው አይጥመውም። ስድስት ሰው ጎን ለጎን ሲሰለፍ ሁለቱ የግድ ብስክሌት መስመሩ ላይ ይወድቃሉ። ከኋላ ደወል ሲሰማ አያት «ማነው ቃጭል የሚመታው?» ብለው ዞር ይላሉ፤ ብስክሌተኛው ጎረምሳ ፍሬን ይዞ «እማማ፣ ይቅርታ፣ መንገድ» ይላል። እሳቸውም ከነገሩ ሁሉ «እማማ» መባላቸውን ብቻ ሰምተው «እግዜር ይባርክህ የኔ ልጅ፣ ቀስ ብለህ ሂድ» ብለው መርቀውት ባሉበት ይቆማሉ። ከምርቃት በኋላ ደወል መምታት ነውር ስለሆነ ልጁ ወርዶ ብስክሌቱን እየገፋ ያልፋል።

ወሎ ሰፈር አካባቢ ሚዛን የያዘ ልጅ ይጠብቃቸዋል። መሣሪያው አንድ የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ነው፤ ከሥሩ ካርቶን ተነጥፎለታል፣ መስተዋቱ በአንድ ጥግ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተይዟል። ልጁ ገና ከሩቅ ደንበኛውን መርጧል።

«እማማ፣ ይመዘኑ!»

«ምን ልሁን ብለህ ነው የኔ ልጅ? በግ ነኝ?»

«ጤናዎን ይወቁ ብዬ ነው።»

«ጤናዬንማ ጉልበቴ ይነግረኝ የለ።»

እዚህ ላይ አባት ለጨዋታው ማሳመሪያ ብሎ ራሱ ይወጣል። ቁጥሩ ሲመጣ ፊቱ ይለወጣል። ወርዶ ጫማውን ያወልቃል፣ እንደገና ይወጣል። ቁልፉን አውጥቶ ለሚስቱ ይሰጣል። ስልኩን ያወጣል። ቦርሳውን ትከሻው ላይ እንዳዘለው ትዝ ይለውና ፊቱ ይፈካል፤ ያወርደዋል፤ አራት ኪሎ ይቀንሳል፣ ቀሪው ግን ንቅንቅ አይልም። «ሚዛንህ ልክ አይደለም» ይላል በመጨረሻ። ባለ ሚዛኑ ይህንን በቀን ስንቴ እንደሚሰማ ከአነጋገሩ ያስታውቃል፦ «ጋሼ፣ ሚዛኑ ልክ ነው፤ ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚለው።» እናት ሒሳቡን ከፍላ ቤተሰቡ ጉዞውን ይቀጥላል፤ አባት ግን እስከ ኦሎምፒያ ድረስ ሆዱን አስገብቶ ነው የሚሄደው።

ያም ሆኖ ወክን የሚያስረዝመው ሚዛኑም ብስክሌቱም አይደለም፤ ሰላምታ ነው። በቦሌ መንገድ እሑድ አሥር ሰዓት ላይ የሚያውቁትን ሰው ሳያገኙ መቶ እርምጃ መሄድ አይቻልም። የድሮ የሥራ ባልደረባ ከነቤተሰቡ ከፊት ይመጣል። ስድስት ሰው ከአምስት ሰው ጋር ሲሳሳም የሚፈጀውን ጊዜ ማስላት የሒሳብ አስተማሪ ይጠይቃል፤ ያውም ትከሻ ለትከሻ የሚጋጩትና ሦስት ጊዜ የሚሳሳሙት ተለያይተው ከተቆጠሩ ነው። ጤና ይጠየቃል፣ ቤት ይጠየቃል፣ ልጆቹ «አደጉ እኮ!» ተብለው ጉንጫቸው ይያዛል። «ኑ እንጂ፣ አንድ ማኪያቶ እንጠጣ» ይባላል። «አይ፣ ወክ ላይ ነን» ይባላል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ አሥራ አንዱም ካፌ ውስጥ ናቸው። ሒሳብ ሲመጣ ሁለቱ አባቶች «በእናትህ ተው!» እየተባባሉ የአስተናጋጁን እጅ ግራና ቀኝ ይጎትታሉ። ለወክ ከታሰበው ሰዓት አንድ ሦስተኛው እዚያ ቤት ወንበር ላይ ይቀራል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት አበው የዚህ ቤተሰብ እንቁላል ስንት ካፌ እንደሚገባ አላሰቡበትም።

ከዋናው ጎዳና ወደ መድኃኔዓለም የታጠፈ ሌላ ፈተና ይገጥመዋል። ከአዲስ አበባ ትልልቅ አብያተ ክርስቲያናት አንዱ የሆነው የቦሌ መድኃኔዓለም ካቴድራልና በልጆች መጫወቻው የታወቀው ኤድና ሞል ፊት ለፊት ተፋጠው ነው ያሉት። አያት ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ቅጥሩ ይዞራሉ፤ ልጆቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ሞሉ። አባትና እናት መሐል አስፋልት ላይ የሁለቱንም እጅ ይዘው ይቀራሉ። አያት ተሳልመው፣ የሠፈሩን ሁሉ ስም ጠርተው ጸልየው ሲጨርሱ ልጆቹ አንድ ዙር ጨዋታ ጨርሰዋል፤ ሒሳቡ ሲታይ ግን የአያት ጸሎት በብዙ እጥፍ ይረክሳል።

መስቀል አደባባይ የደረሰ ቤተሰብ እንደ ጀግና ይቆጠራል። አደባባዩ በ2013 ዓ.ም ታድሶ፣ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶለት ከተከፈተ ወዲህ ማታ ማታ የልጅ አገር ሆኗል። ባለ ጎማ ጫማ ያጠለቁ ወጣቶች በሰው መሐል እንደ ወፍ ይበራሉ፤ ደረጃው ላይ ስፖርተኞች ወደ ጎን ይሮጣሉ፤ ፊኛ ሻጩ ደግሞ ልጅ ያለውን ሰው በማሽተት የሚያውቀው ይመስላል። አደባባዩ በእግር ለሚሄድ ሰው ባለውለታ ነው። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ባሸነፈበት ውድድር ከተጀመረ ወዲህ በአሥር ኪሎ ሜትሩ ላይ ከሚሮጠው ይልቅ እየዘፈነ፣ ውሃ እየተራጨ፣ ልጁን እሽኮኮ አድርጎ በእግሩ የሚያዘግመው ይበዛል። በ2011 ዓ.ም ደግሞ «መንገድ ለሰው» ተብሎ በተመረጡ እሑዶች ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ ተለቀቁ። ያኔ መኪና በሌለበት አስፋልት መሐል መሐሉን የሄዱ ሰዎች ግራና ቀኝ ማየታቸውን አልተዉም ነበር፤ የአዲስ አበባ እግረኛ የተዘጋ መንገድም ቢሆን አያምንም።

ከቦሌ ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ነገሩ ይለወጣል። ጉርድ ሾላ፣ ሲኤምሲ፣ ሰሚት፣ ጎሮ፣ አያት፦ ዛሬ ፎቅ በፎቅ የሆነው ይህ ሁሉ አገር የዛሬ ሠላሳ ዓመት ብዙው እርሻ ነበር። ጤፍና ስንዴ ይዘራበት፣ ከብት ይሰማራበት ነበር። አያትየዋ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቹን እየጠቆሙ «ይሄ ጥቁር አፈር ጤፍ ያበቅል ነበር እኮ» ሲሉ፣ መካከለኛው ልጅ «እምዬ፣ ታዲያ እንጀራውን አሁን የት ነው የሚያበቅሉት?» ይላል። ሳቁ እስኪያልቅ አንድ ፌርማታ ይታለፋል።

ፌርማታ ከተነሳ፣ ቀላል ባቡሩን ማለፍ አይቻልም። ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች 17 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደው መስመር ሲኤምሲን ለሁለት ከፍሎታል። ሐዲዱ ግራና ቀኝ ስለታጠረ መሻገር የሚቻለው በተወሰነ ቦታ ብቻ ነው። ወዲህ ማዶ ያለ ቤተሰብ ወዲያ ማዶ ያለውን አይስክሬም ቤት በዓይኑ እያየ፣ ዘወር ብሎ ወደ መሻገሪያው ሄዶ፣ ተሻግሮ፣ ያንኑ መንገድ መመለስ አለበት። ሥራ ላለው ሰው ምሬት ነው። ወክ ላይ ላለ ሰው ግን ሳይታሰብ የተገኘ እርምጃ ነው፤ በተለይ ስልኳ ላይ እርምጃ የምትቆጥረው እናት ደስታዋን አትደብቅም። ልጆቹ ደግሞ የባቡሩን ሹፌር እጅ በማውለብለብ ያሸንፉታል፤ መልሶ ሲያውለበልብላቸው ቀኑ እዚያ ላይ አለቀ ማለት ነው።

አውሮፕላንም አለ። ጎሮና ቦሌ አራብሳ አካባቢ አውሮፕላን ለማረፍ ዝቅ ብሎ ሲመጣ ጎማው ሳይቀር ይታያል። የዚያ ሠፈር ልጆች የበረራ ሰሌዳ በቃላቸው የያዙ ይመስላሉ፤ «ይሄ ትልቁ ነው፣ ይሄ ደግሞ ድሬዳዋ የሚሄደው ነው» ይባባላሉ። አያት የመጣ አውሮፕላን ሁሉ ሆዱን የከፈተ ስለሚመስላቸው በእጃቸው ነጠላቸውን ይይዛሉ።

ከከተማ ጨርሶ ለመውጣት የፈለገ ቤተሰብ ፊቱን ወደ የካ ያዞራል። በላምበረትና በኮተቤ በኩል ወደ ላይ ሲወጣ ኮብል ስቶኑ ያልቅና ባሕር ዛፍ ይጀምራል። ዳገቱ ላይ የከተማ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ወሬው ይቀንሳል፣ «እስቲ ይቺን አበባ እንያት» የሚለው ይበዛል። አባት እያንዳንዱን ድንጋይ እያቆመ ታሪኩን ይናገራል፤ በድካም ከመቆም በታሪክ መቆም ይሻላልና። ከላይ ጭራሮና ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው እየፈጠኑ ይወርዳሉ፤ ሸክሙ ከተሸካሚዋ ይሰፋል። እነሱ ለእንጀራ የሚወጡትን ዳገት ሌላው ለመዝናናት ሲወጣው መንገድ መልቀቅ ቢያንስ ነው። ቀጥሎ ጠዋት ያልሮጡ አትሌቶች ያልፋሉ። ኮተቤና የካ ሯጭ የማይታጣበት አገር ነው፤ እነዚያ ቀጫጭን ልጆች ዳገቱን እያወሩ ሲወጡ፣ የሚተነፍሱት አየርና ቤተሰቡ የሚፈልገው አየር አንድ መሆኑን ማመን ያስቸግራል።

መድረሻው ዋሻ ሚካኤል ነው፤ ከአለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን። በትውፊት የአብርሃና የአጽብሓ ዘመን ሥራ ነው ይባላል፤ አጥኚዎች ግን ከዚያ ብዙ ዘግይቶ እንደተፈለፈለ ይገምታሉ። ለላሊበላ ብር ሲያጠራቅም የኖረ የሲኤምሲ ሰው፣ ከቤቱ በላይ ያለው ተራራ ውስጥ ከአለት የተፈለፈለ መቅደስ መኖሩን ብዙ ጊዜ የሚሰማው ከውጭ አገር ከመጣ እንግዳ ነው። ልጆች እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው የመጥረቢያውን ፈለግ ይዳስሳሉ። «ማነው የቆፈረው?» ይላል ትንሹ። «አባቶች» ይላሉ አያት። ልጁ አባቱን ከእግር እስከ ራሱ አይቶ ዝም ይላል፤ ዳገቱ ላይ ስንት ጊዜ እንደተቀመጠ ቆጥሮበታል።

ከየካ መውረጃ ሰዓት አለው። ጀምበር ሳትጠልቅ መውረድ ጥንቃቄ ነው፤ በእነዚህ ኮረብታዎች ጅብ ተረት አይደለም። ሌላ ጊዜ ሁሉ «ኧረ ትንሽ እንቆይ» የሚል ልጅ፣ «ጅብ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ከአትሌቶቹ እኩል ይወርዳል። ዳገቱን ላልቻለ የእንጦጦ ፓርክ አለ። ከ2013 ዓ.ም መጀመሪያ ጀምሮ የተከፈተው ይህ ፓርክ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ተራራ ላይ ቢሆንም፣ መኪናው በር ድረስ ስለሚያደርስ ብዙ ቤተሰብ ያንን ሁሉ ከፍታ በወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሚያሸንፈው።

«ውሃ ያለበት ይሁን» የሚል ድምፅ የበዛበት እሑድ ደግሞ ቢሾፍቱ ነው። ከ45 ኪሎ ሜትር ብዙ ያልራቀ ከተማ ነው፤ በመስከረም 2007 ዓ.ም የተከፈተው የአዳማ የፍጥነት መንገድ መንገዱን አቅልሎታል። በመስኮት በግራ የረር ተራራ ይታያል፣ በቀኝ ጠራ ያለ ቀን ዝቋላ። ከተማው ከአዲስ አበባ አራት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል ገና ከመኪና ሲወረድ ጃኬት ይወልቃል። ቢሾፍቱ፣ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ አረንጓዴ፤ ለአንድ ከተማ ይህን ያህል ሐይቅ ማለት ስስት ነው። አብዛኞቹ በጥንት የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተቦረቦሩ ጉድጓዶች ናቸው፤ ቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ሐይቁ እንደ ባሕር ዳርቻ ወደ እግር አይመጣም፤ ሰው ነው ገደሉን ይዞ ወደሱ የሚወርደው።

እዚህ ላይ የቤተሰቡ ወክ እውነተኛ መልኩ ይወጣል። ከሐይቆቹ ዳር ብዙው በሎጅና በሆቴል ስለተያዘ መንገዱ በአስተናጋጅ በኩል ያልፋል። ወደ ውሃው የሚወርደው ደረጃ አለ፤ ከደረጃው በፊት ግን ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ የምግብ ዝርዝር አለ። «በልተን እንወርዳለን» ይባላል። የተጠበሰ ዓሣ ይመጣል፣ ጥብስ ይጨመራል። ከበሉ በኋላ «ትንሽ አረፍ ብለን» ይባላል። ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ስትወርድ አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ ስድስቱንም ከአጥሩ ጋር ያነሳል፤ ሰኞ ቢሮ ውስጥ «ሐይቁን ዞርነው» ይባላል። የዞረው ዓይን ነው፤ እግር ከመኪና ማቆሚያው አላለፈም። ሆራ ጋ ነገሩ ይሻላል። ከመስቀል በዓል በኋላ በሚውል እሑድ ሆራ ሀርሰዲ ላይ ኢሬቻ ሲከበር፣ እርጥብ ሣርና አደይ አበባ የያዘ ሕዝብ ከየአቅጣጫው በእግሩ ይተማል፤ ሽማግሌው ከነከዘራው፣ ሕፃኑ ከነአንቀልባው። ያን ቀን ዳር ላይ ተቀምጦ ዓሣ የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ነው።

የምሥራቅ አዲስ አበባ ቤተሰብም ስንፍናው ከእግሩ እንዳልሆነ የሚታወቀው በጥር ነው። ጥር 10 ለከተራ ታቦታቱ ከቦሌ፣ ከገርጂ፣ ከሲኤምሲና ከየካ አብያተ ክርስቲያናት ወጥተው ወደ ባሕረ ጥምቀት ሲወርዱ፣ ከወሎ ሰፈር ኦሎምፒያ «እግሬን» ያለው ልጅ ሁሉ መንገድ ላይ ነው። ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም የሰው ልጆች የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ የመዘገበው የጥምቀት በዓል፣ ከበዓልነቱ ሌላ በአገሪቱ ተወዳዳሪ የሌለው የቤተሰብ ወክ ነው። አያት ነጭ ለብሰው፣ ጉልበታቸውን ረስተው ከፊት ናቸው። እናት ቦርሳውን ቤት ትታዋለች። ማንም ጃኬት አልጠየቀም፣ ማንም ሽንቴ አላለም።

ምሥጢሩ ፍጥነቱ ውስጥ ነው። ታቦት የሚሄደው በቄስ እርምጃ ነው፤ በየጥቂት ሜትሩ ይቆማል፣ መዘምራን ያሸበሽባሉ፣ እልልታ ይቀልጣል፣ እንደገና ይነሳል። ከኋላ ያለው የቆመው ሕፃን ስላስቸገረው አይደለም፤ ሁሉም ስለቆመ ነው። የቆመ ሰው ሁሉ ደግሞ የሚያውቀውን ሰው ያገኛል፤ ሰላምታው ወክን አያዘገይም፣ ወክ ራሱ ሰላምታውን ይጠብቃል። ከሁሉ የሚያምሩት ምንጣፍ አንጣፊዎቹ ወጣቶች ናቸው። ታቦቱ ያለፈበትን ቀይ ምንጣፍ ከኋላ ጠቅልለው፣ በትከሻቸው ተሸክመው፣ ሕዝቡን «መንገድ! መንገድ!» እያሉ ከፊት ሮጠው ያነጥፉታል፤ አንዱ ጎንበስ ብሎ በመጥረጊያ ይጠርገዋል፣ ሌላው ጫፉን ረግጦ ያቃናዋል፣ የካህኑ እግር ሲደርስ እነሱ እንደገና ከኋላ ናቸው። ሌላው አንድ ኪሎ ሜትር ሲሄድ እነሱ ብዙ እጥፍ ሮጠዋል፤ ደክሞኛል የሚል ግን የለም። ትንሹ የገርጂ ልጅ ከመካከላቸው ገብቶ የምንጣፉን ጫፍ በሁለት እጁ ይዟል፤ ይረዳ እንደሆነ ወይ ይጎተት እንደሆነ ግን መለየት አይቻልም።

ነገሩ በአንድ ቀን አያበቃም። ጥር 11 ታቦታቱ ወደ መንበራቸው ይመለሳሉ፤ ጥር 12 ደግሞ የሚካኤል ታቦታት ተራ ነው፤ የየካ ሚካኤልን ለማጀብ የሚወጣው ሕዝብ መንገዱን ጥግ እስከ ጥግ ይሞላዋል። የገርጂው ቤተሰብ ሦስቱንም ቀን ተከትሏል። የእናት ስልክ እርምጃውን ቆጥሮ «እንኳን ደስ አለዎት» ብሏታል። አባት ባለ ሚዛኑን ፈልጎ ሊያገኘው አስቧል።

ጥር 13 ጠዋት እናት ትንሹን ልጅ ጠርታ ከግቢው በር ፊት ለፊት ካለው ሱቅ አራት ዳቦ እንዲያመጣ ብር ሰጠችው። ልጁ ብሩን ተቀብሎ፣ በመስኮት ወደ ሱቁ አሻግሮ አይቶ፣ መልሶ ሶፋው ላይ ተጋደመ።

«እማዬ፣ ሩቅ ነው፤ አባዬ በመኪና ይሂድ።»